ሣሩንም ገደሉንም ማየት፤ የምስለ በረራ ሞዴል ገበያ ከመንዝ ደጋ ሲታይ

አዲስ አበባ ውስጥ አውቶካድ የማያውቅ የንድፍ ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። የመኖሪያ ቤት ፕላን፣ የሱቅ ወለል፣ የብረት በር፣ የጣሪያ ማገር የሚሣለው በዚሁ ወይም ይህንኑ በሚመስሉ ሶፍትዌሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ይህ ፕሮግራም እርሳስን፣ ማስመሪያንና ራፒዶግራፍን ከንድፍ ጠረጴዛ ላይ ካነሣ ቆይቷል። ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር የቤት ፕላን የሚሥለው እጅ ሌላም ገዢ ያለው መሆኑን ነው። ይኸውም የምስለ በረራ ወይም በተለምዶ አጠራሩ የፍላይት ሲሙሌተር ገበያ ነው።

ሲሙሌተር ያለ ሞዴል ባዶ ሣጥን ነው። አብራሪው በመስኮት የሚያየው ተራራ፣ ማኮብኮቢያ ሜዳ፣ ሕንፃ፣ ሌላ አውሮፕላን ሁሉ አንድ ሰው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሠራው ነው። ሥራው ጭነት የለውም፤ ጉምሩክ አይጠብቅም፤ መጋዘን አይከራይም። ይሁንና በቀላሉ የሚገባበትን ያህል ገንዘብ በቀላሉ የሚጠፋበትም ገበያ ነው። ገንዘቡ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ባለሙያው መሣል ስላቃተው አይደለም። ምኑን በዝርዝር መሣል፣ ምኑን ደግሞ መተው እንዳለበት ባለማወቁ ነው።

ይህንን ለመረዳት ከሰሜን ሸዋው ደጋ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም።

መጫወቻ ወይስ ማሠልጠኛ?

በመጀመሪያ ገበያውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ የበረራ ማለማመጃ መሣሪያውን ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ስለነበራቸው ሊንክ መሣሪያውን የሚያወዛውዘው ኦርጋን በሚነፋበት የአየር ወናፍ ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቶች ግን ፊት ነሡት። ብዙዎቹን መሣሪያዎች የገዙት የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፖስታ በአውሮፕላን እንዲያመላልስ ታዝዞ በጭጋግና በጨለማ መብረር ያልለመዱ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያልቁ ሁኔታው ተለወጠ። ሠራዊቱ እያንዳንዳቸው 3,500 ዶላር በሚያወጣ ዋጋ 6 መሣሪያዎችን ገዛ። ዕቃው ያው ነበር፤ የተለወጠው ገዢውና የገዛበት ምክንያት ነው።

ዛሬም ገበያው በእነዚሁ 2 ወገኖች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው የሥልጠና ገበያ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ በሚገኘው ማሠልጠኛው የአብራሪውን ክፍል ሙሉ በሙሉ አስመስለው የሚንቀሳቀሱ ሲሙሌተሮች አሉት። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ዋጋ በሚሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ነው። የሚሠሩትም እንደ ካናዳው ሲ.ኤ.ኢ. ያሉ ጥቂት ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ የአቪዬሽን ባለሥልጣን መርምሮ ደረጃ ሳይሰጠው ለፈቃድ ሥልጠና ሊውል አይችልም። በዚህ ገበያ የሚሸጠው ሥዕል ሳይሆን የተመሰከረለት ልክ ነው።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ተጠቃሚዎች ገበያ ነው። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ በ2020 እና በ2024 አዳዲሶቹን አቅርቧል። ኤክስ-ፕሌን ሌላው ተወዳዳሪ ነው። ፍላይትጊር ደግሞ በነፃ የሚገኝና ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ነው። በእነዚህ ላይ የሚጫኑ አውሮፕላኖችን፣ ኤርፖርቶችንና መልክዓ ምድሮችን ሠርተው የሚሸጡ ትናንሽ ድርጅቶችና ግለሰቦች በዓለም ዙሪያ አሉ። ለአዲስ አበባው ወጣት ክፍት የሆነው በር ይኸኛው ነው። በመካከላቸውም ለትምህርት ቤት፣ ለቱሪዝም ማስተዋወቂያና ለድሮን ልምምድ የሚሆኑ ሞዴሎች ገበያ አለ።

ሜዳ ይቆጥባል፣ ገደል ያስወጣል

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ተጉዞ ጣርማ በር ሲደርስ ወደ ግራ የታጠፈ መንገደኛ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ገብስና ባቄላ የለበሰው ሜዳ፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ የጓሳው ሣር መጨረሻ የሌላቸው ይመስላሉ። ከዚያ በድንገት መሬቱ ያልቃል። በምሥራቅ በኩል ደጋው ተቆርጦ ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ወንጪትና ጀማ ምድሩን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይጓዛሉ። መርሐ ቤቴ ከመንዝ ማዶ በእነዚሁ ገደሎች ተከቦ ይታያል። ለእግረኛ የቀን መንገድ የሆነው ለአውሮፕላን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ይህንን መሬት ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ማንም ሰው ሜትር ይዞ መዞር አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ለ11 ቀናት በተደረገ በረራ የአብዛኛውን የምድር ገጽ ከፍታ በራዳር ለክታለች። በየ30 ሜትሩ የተወሰደው የአፍሪካ ልኬት ከ2014 ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ ይሰጣል። መረጃው የሚታደለው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ካሬዎች ነው። ከ10ኛው እስከ 11ኛው ሰሜናዊ ኬክሮስና ከ39ኛው እስከ 40ኛው ምሥራቃዊ መስመር ያለው አንድ ካሬ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል።

አሁን ሒሳቡ ይጀመር። በዚህ አንድ ካሬ ውስጥ በአግድም 3,601፣ በቁልቁልም 3,601 ነጥቦች አሉ። ሲባዙ 12,967,201 የከፍታ ቁጥሮች ይሆናሉ። መረጃው ራሱ 26 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ፍላሽ ዲስክ ይይዘዋል። ችግሩ የሚመጣው ነጥቦቹ ወደ ምስል ሲለወጡ ነው። ኮምፒዩተር ማንኛውንም ቅርጽ የሚያሳየው በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ገጣጥሞ ነው። በ4 ነጥቦች መካከል ያለችው እያንዳንዷ ቁራጭ 2 ሦስት ማዕዘን ትፈልጋለች። ስለዚህ ካሬው በጠቅላላው 25,920,000 ሦስት ማዕዘኖች ይሆናል። ምስሉ ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ በሴኮንድ 60 ጊዜ መሣል ካለበት ደግሞ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ ከ17 ሺኛ ሴኮንድ አይበልጥም።

እንግዲህ ሦስት ማዕዘን ካፒታል ነው ማለት ነው። የተወሰነ ነው፤ ያለ ቦታው ከወጣ አይመለስም። ጎበዝ ሞዴል ሠሪ ከመንዝ መሬት የሚማረው ይህንኑ ነው። ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር በ3 ኪሎ ሜትር የሆነ ለጥ ያለ ሜዳ በጥሬ መረጃው 20,000 ሦስት ማዕዘኖችን ይበላል። ሜዳው በእርግጥ ለጥ ያለ ከሆነ ግን 2 ይበቁታል። የተረፉት 19,998 ወደ ገደሉ አፋፍ ይዛወራሉ። ምክንያቱም አብራሪው ከፍታውን የሚገምተው፣ አደጋውንም የሚያየው እዚያ ነው። ሜዳ ይቆጥባል፣ ገደል ያስወጣል። በዚህ ሥራ በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደቀረ የሚባለው ተረት ቃል በቃል ይደርሳል። ጀማሪው በጓሳው ሣር ውበት ተማርኮ ኮምፒዩተሩን ሣር ሲያስበቅል ይውልና ገደሉ ላይ ሲደርስ የሚያወጣው አይኖረውም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ልኬቱ በየ30 ሜትሩ ስለሆነ ቀጥ ብሎ 90 ሜትር የሚወርድ ገደል በመረጃው ውስጥ 72 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ዳገት ይሆናል። የአፋፉ ቦታም እስከ 30 ሜትር ሊዛነፍ ይችላል። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ራዳሩ ያልደረሰባቸው ባዶ ቦታዎች ነበሩ፤ እነዚህ በኋላ ከሌላ ምንጭ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ለወሳኝ ቦታ ሌላ ምስክር ማቅረብ ያስፈልጋል። የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታ በየ20 ሜትር ከፍታ መስመር ያለው በመሆኑ አውቶካድ ላይ ተዘርግቶ መስመሮቹ ሲገለበጡ መረጃውን ለማረም ይጠቅማል። ተራ የሚመስለው የንድፍ ሙያ ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

ከንድፍ ወደ ሞዴል፤ አምስት እርምጃዎች

መሬቱ እንዲህ ከሆነ በላዩ የሚበረው አውሮፕላንስ? ሥራው 5 እርምጃዎች አሉት።

1ኛ. ልክ መሰብሰብ፦ የፊት፣ የጎንና የላይ እይታ ያላቸው ንድፎች ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ የሚደርሰው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የመለኪያ ነው። የሕንፃ ንድፍ በሚሊሜትር ይሣላል፤ ሲሙሌተር በሜትር ያነባል። ሳይለወጥ የገባ አውሮፕላን 1,000 ጊዜ ተልቆ ይገኛል። ይህ ወዲያው ስለሚታይ አይጎዳም። የሚጎዳው የበረራ ካርታ በጫማ፣ የመሬት መረጃ በሜትር መሆኑን መርሳት ነው። 10,000 ጫማ 3,048 ሜትር ነው፤ ለመንዝ ይህ ከፍታ ሰማይ ሳይሆን መሬት ነው።

2ኛ. መሣል፦ ሦስቱ እይታዎች በአንድ መነሻ ነጥብ ላይ ይገጣጠማሉ። ከዚያ የአውሮፕላኑ ግማሽ ብቻ ይሣላል። ሌላው ግማሽ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ይገለበጣል። ይህ ጊዜ ከመቆጠቡም በላይ ግራና ቀኝ ክንፍ እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል።

3ኛ. ክቡን ወደ ሦስት ማዕዘን መለወጥ፦ የንድፍ ሶፍትዌር ክብን በእርግጥም ክብ አድርጎ ይይዛል። ሲሙሌተር ግን ክብ አያውቅም፤ ክቡ ብዙ ጎን ባለው ቅርጽ ይተካል። ወገቡ 2 ሜትር የሚሰፋ አውሮፕላን ቢወሰድ በ8 ጎኖች ሲሠራ ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው እስከ 7.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በ16 ጎኖች 1.9፣ በ32 ጎኖች 0.5፣ በ64 ጎኖች 0.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎኑ በእጥፍ ሲጨምር ወጪው በእጥፍ ይጨምራል፤ ስሕተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የመጀመሪያው እጥፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ትርፍ አለው። የመጨረሻው እጥፍ ትርፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የት ላይ መቆም እንዳለበት ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

4ኛ. ማልበስ፦ በቅርጹ ላይ ቀለሙን፣ ምስማሩን፣ ጽሑፉን የያዘ ፎቶ ይለጠፋል። በፎቶ ሊታይ የሚችል ነገር በሦስት ማዕዘን መሠራት የለበትም። ይሁን እንጂ ፎቶም ወጪ አለው። ስፋቱ 2,048 በ2,048 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል ሳይታመቅ 16 ሜጋባይት ያህል የማሳያ ካርድ ቦታ ይይዛል። ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ 64 ሜጋባይት ይደርሳል።

5ኛ. ለርቀት ማዘጋጀትና መሞከር፦ ጤነኛ ዓይን በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊለይ የሚችለው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በዚያ ርቀት ባለ 8 ጎኑም ባለ 64 ጎኑም አንድ ናቸው። ልምድ ያለው ባለሙያ ለቅርብ፣ ለመካከለኛና ለሩቅ የሚሆኑ 3 ቅጂዎችን ያዘጋጃል፤ ሲሙሌተሩ እንደ ርቀቱ ያቀያይራቸዋል። ከዚያም ሥራው ብሌንደር በመሳሰለ ነፃ ሶፍትዌር በኩል ገዢው ሲሙሌተር ወደሚያነበው ዓይነት ፋይል ተለውጦ ይሞከራል። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር፣ ኤክስ-ፕሌንና ፍላይትጊር የሚያነቡት የፋይል ዓይነት የተለያየ ነው። በመሆኑም ለአንዱ የተሠራ ለሌላው እንዲሁ አይሸጥም።

ለመለማመጃ የሚሆን አገርኛ ምሳሌ የሚፈልግ ፀሐይን ያስታውስ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የተሠራችው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ዘመን ተወስዳ ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ትንሽ በመሆኗ ለጀማሪ አትከብድም፤ ታሪክ ስላላትም ገዢ አታጣም። ጥርት ባለ ፎቶና በተፈቀደ ልኬት የሚሠራት ሰው ሌላ አገር ያለ ባለሙያ በቀላሉ የማያገኘው ዕቃ ይኖረዋል።

መልክ ብቻውን አይበርም

በዚህ ገበያ ትልቁ የተሳሳተ ግምት የአውሮፕላኑ መልክ ካማረ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። ሞዴል 2 ነገር ነው፤ የሚታየው አካልና የማይታየው ጠባይ። ጠባዩ ክብደቱ፣ የሞተሩ ኃይል፣ ክንፉ የሚያነሣው መጠን፣ መሪው የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ኤክስ-ፕሌን ክንፉን በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ኃይሉን ከቅርጹ ስለሚያሰላ ለበረራው ስሌት የገባ የክንፍ ልክ ከተሳሳተ በረራውም ይሳሳታል። ሌሎች ሲሙሌተሮች ደግሞ በአብዛኛው የሚመሩት ሠሪው በሚሞላው ሠንጠረዥ ነው።

መንዝ እዚህም ላይ ያስተምራል። በ3,000 ሜትር ከፍታ በተለመደው የአየር ሁኔታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። አውሮፕላን እኩል ክብደት ይዞ ለመነሣት 16 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በ16 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ በ35 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ የሞተሩ መዳከም እንኳ ሳይቆጠር የሚፈልገው ሜዳ ከሲሶ በላይ ይረዝማል። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተፈተነ ሞዴል ሳይስተካከል መሐል ሜዳ ላይ ቢቀርብ ለአብራሪው የሌለውን ጉልበት እንዳለው አድርጎ ይነግረዋል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ ሔርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች መኪና በማይገባባቸው ደጋዎች ላይ እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። የግሼው ራቤል ከነዚህ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጆንያው እንዳይበተን አውሮፕላኖቹ ከመሬት በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው ያልፉ ነበር። ስስ አየር፣ ከባድ ጭነት፣ አጠገቡ ገደል። ለእንዲህ ያለው በረራ የሚለማመድ አብራሪ የሚፈልገው ያማረ ሣር ሳይሆን ትክክለኛ አፋፍና ትክክለኛ የአየር እፍጋት ነው።

የቅርቡ ትምህርት ደግሞ ይበልጥ መራራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ አስቀድሞ ከነባሩ 737 ወደ ማክስ ለሚሸጋገሩ አብራሪዎች የኮምፒዩተር ትምህርት ይበቃል፤ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልግም ተብሎ ነበር። ከአደጋው በኋላ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሩ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል የማያሳይ እንደነበርና ማረሚያ እንዳደረገበት አስታወቀ። በኋላም አውሮፕላኑ ወደ በረራ ሲመለስ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ሆነ። በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ መሣሪያ ውስጥ እንኳ ጠባዩ ከእውነተኛው ሊለይ ይችላል ማለት ነው። ለመዝናኛ የተሠራን ሞዴል ለሥልጠና ያገለግላል ብሎ የሚሸጥ ደላላ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሚሸከም ከዚህ ይገመት።

ሒሳቡ እንዴት ይያዛል?

ለምሳሌ ያህል ለስሌት በሚመች ቁጥር እንይ ቢባል፣ አንድ ሞዴል 400 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ለሰዓቱ 300 ብር ቢታሰብ 120,000 ብር ይሆናል። ለኮምፒዩተር እርጅናና መብራት 30,000፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ፎቶ ለማንሣት 40,000፣ ለሙከራና ለእርማት 50,000 ብር ቢያዝ ጠቅላላ ወጪው 240,000 ብር ነው። ከኮሚሽንና ከግብር በኋላ ከአንድ ቅጂ 1,200 ብር እጅ የሚገባ ከሆነ ወጪውን ለመመለስ 200 ቅጂ መሸጥ አለበት።

ሠሪው ሙከራውን ቢተወውስ? ወጪው 190,000 ይሆናል፤ 159 ቅጂ ይበቃዋል። 41 ቅጂ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ባልተሞከረ ዕቃ ምክንያት 50 ገዢዎች ገንዘባቸውን ቢያስመልሱ ለማካካስ 209 ቅጂ መሸጥ ሊኖርበት ነው። ስሙ የሚጎድፈው ሳይቆጠር መሆኑ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ ሁለተኛው ሞዴል ከመጀመሪያው ይረክሳል። የመንዝ መሬት አንዴ በትክክል ከተሠራ ለኤርፖርት፣ ለሔሊኮፕተር፣ ለጓሳ ጎብኚዎች ማስተዋወቂያ በየፊናው ይሸጣል። ትርፉ ያለው በተደጋጋሚ በሚሸጠው መሠረት ላይ እንጂ በአንዱ ዕቃ ላይ አይደለም።

የባለቤትነት መብት ሌላው የወጪ ምንጭ ነው። ለተማሪ በነፃ የተሰጠ ሶፍትዌር ለንግድ ሥራ አይፈቀድም። በኢንተርኔት የሚታይ የሳተላይት ፎቶ ስለታየ ብቻ ገልብጦ መሸጥ አይቻልም። የአውሮፕላን አምራቾችና የአየር መንገዶች ስምና ዓርማም ባለቤት አላቸው። ድሮን አስነሥቶ ፎቶ ለማንሣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በአንጻሩ የመንኮራኩሯ የከፍታ ልኬትና ብሌንደር ለንግድም በነፃ የተፈቀዱ በመሆናቸው ጀማሪ ካፒታሉን በእነርሱ ላይ ቢያሳርፍ ያዋጣዋል።

ባለሀብቱ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ገንዘቡን በዚህ ሥራ ላይ ለማዋል ያሰበ ሰው ሥዕሉን እያየ ከመደነቅ ይልቅ ሠሪውን እነዚህን 5 ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ ልኩ የመጣው ከየት ነው? በምንስ ተመሳከረ? ሁለተኛ፣ በየትኛው ሲሙሌተር ላይ ይሠራል? አዲሱ እትም ሲወጣ የሚያስተካክለውስ ማን ነው? ሦስተኛ፣ ስንት ሦስት ማዕዘን አለው? የት የት ላይ ወጥቷል? አራተኛ፣ በምን ከፍታና በምን ሙቀት ተሞክሯል? እውነተኛ አብራሪስ አይቶታል? አምስተኛ፣ የሶፍትዌሩ፣ የፎቶውና የስሙ ፈቃድ በጽሑፍ አለ ወይ? ክፍያውንም ለንድፉ፣ ለሞዴሉና ለሙከራው በ3 ከፍሎ የመጨረሻውን ሙከራው እስኪያልቅ መያዝ የተለመደ ብልኅነት ነው።

ሠሪው ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው የቀሩትን መጠየቅ ላያስፈልግ ይችላል። ካፒታሉን የት እንዳወጣ የማያውቅ ሰው ስለ ትርፉም ሊናገር አይችልምና። መልስ ያለው ግን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በመጀመሪያ የሚያሳየው ሜዳውን አይሆንም። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ያደርስና ወደ ታች እንዲታይ ያደርጋል። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።